የቆጣሪው ቀይ ጥላ

ጋሽ ሚሊ በሁለት ነገር ይኮሩ ነበር። አንደኛው፣ አርባ ዓመት ሙሉ ማተሚያ ማሽን ላይ ቆመው ቀለም ከመስመሩ አንዲት ሚሊ ሜትር እንኳ አሳልፈው አለማወቃቸው ነው፤ ቅጽል ስማቸውም የወጣላቸው በዚሁ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የሚያትሙትን ነገር አንድም ቀን አለማንበባቸው። "እኔ ቀለም ነው የማየው፤ ማንበብ ብፈልግ አራሚ እሆን ነበር" ይሉና ሚስታቸውን በጎን ገረፍ ያደርጓቸዋል። ሚስታቸው በዚያው ማተሚያ ቤት ሠላሳ ዓመት አራሚ ነበሩ። ሰፈሩ እስካሁን እትዬ አራሚ ነው የሚላቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚያርሙት ቢያጡ የመድኃኒት ማሸጊያ፣ የሱቅ ሰሌዳ፣ ደረጃው ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ፣ ያገኙትን ሁሉ ያርማሉ። አንዴ የጎረቤት የሐዘን ማስታወቂያ ላይ የሟቹን ዕድሜ አስተካክለው፣ ቤተሰቡ ተቆጥቶ ተቆጥቶ ሲያበቃ ትክክል ሆነው ተገኝተዋል።

ቅዳሜ ቅዳሜ አስር ሰዓት ላይ የሁለቱ ሳሎን ችሎት ይሆናል። ተከሳሹ ቴሌቪዥኑ ነው። ምስክሩ እትዬ አራሚ ጭን ላይ የተዘረጋ፣ ጠርዙ የተበላ የድሮ ኮሚክ መጽሔት ነው። ጋሽ ሚሊ ነገሩ ብዙም እንደማይገደው ሰው ሶፋው ጥግ ላይ ተቀምጠው ብስኩት ይበላሉ።

"ቦት ጫማ ነበረ" ይላሉ እትዬ አራሚ፣ ማስታወሻቸው ላይ እየጻፉ። "ስኒከር አደረጉት። ውሃ ውስጥ የሚገባ ሰው ስኒከር ያደርጋል?"

"አያደርግም።"

"እናቱ በሕይወት ነበሩ። ምን ሆነው ሞቱ?"

"እኔን ነው የምትጠይቂኝ?"

"በመጽሔቱ እኮ ይሄ ሰው አይናገርም። በአሥራ ስድስት ገጽ ውስጥ ዘጠኝ ቃል ነው የተናገረው፤ ያረምኩት እኔ ነኝ። አሁን እየው፣ ሌባውን ከመያዙ በፊት ንግግር ያደርግለታል። ሌባውም እስኪጨርስ ቆሞ ይጠብቀዋል። ጨዋ ሌባ ነው፣ ይደግ።"

ኮሚኩ "ቆጣሪው" ይባላል፤ ዘንድሮ የቴሌቪዥን ድራማ ሆኖ መታየት ጀምሯል። ጀግናው ቀን ቀን ከቤት ቤት እየዞረ የውሃ ቆጣሪ የሚያነብ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ጆሮውን ቧንቧ ላይ ከለጠፈ ግን በከተማው ውስጥ ውሃ የገባበት ቤት ሁሉ የሚባለውን ይሰማል። ጉድ ሲፈላ ቀይ ቱታውን ያጠልቅና በግድግዳ ቧንቧ ተንጠላጥሎ ይደርሳል። ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፤ አንባቢን ያሳበደው ግን ሌላ ነገር ነው። ከቆጣሪው ሰውነት ትንሽ ፈንጠር ብሎ፣ መልክም መስመርም የሌለው አንድ ቀይ ሰው ይታያል። አንዳንድ ገጽ ላይ አለ፣ አንዳንድ ገጽ ላይ የለም። አንዳንዴ በቀኙ ነው፣ አንዳንዴ በግራው። ቀይ ጥላ ይሉታል። ነፍሱ ነው ያለ አለ፣ የሞተ መንትያው ነው ያለ አለ፣ ሲፈራ ነው የሚወጣው ብሎ በስድስት ገጽ ደብዳቤ ያስረዳም አለ። ኮሚኩን ሃያ ስድስት ዓመት ያኖረው ይሄ ጥላ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቴሌቪዥኑ ላይ ግን ጥላው የለም። ሦስት ክፍል ታየ፤ የለም።

"ጭራሽ ትተውታል ማለት ነው" አሉ እትዬ አራሚ ሦስተኛው ክፍል ሲያልቅ፣ መነጽራቸውን አውልቀው።

ጋሽ ሚሊ ብስኩቱን ነክሰው ቀሩ። ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር። ያ ጥላ ከምድረ ገጽ ቢጠፋ ብለው ሃያ ስድስት ዓመት ሲመኙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ምክንያቱም ጥላው ነፍስም መንትያም አልነበረም። የሳቸው ስህተት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው እትም የታተመው በሁለት ቀለም ብቻ ነው፣ በቀይና በጥቁር። ማሽኑ ደግሞ በአንድ ጊዜ አንድ ቀለም ነው የሚያትመው። መጀመሪያ ቀዩ ይታተማል፤ ሲደርቅ ያው ወረቀት ተመልሶ ይገባና ጥቁሩ መስመር በላዩ ያርፋል። ሁለቱ እንዲገጥሙ ወረቀቱን በጎኑ ደገፍ አድርጋ የምትይዝ አንዲት ብረት አለች፤ የሷ ብሎን ከላላ ወረቀቱ ይሸሻል። ያን ቀን ላላች። ቀይ የተቀባው የጀግናው ቱታ ብቻ ስለነበር፣ ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ ጀግናው ብቻ ከገዛ ልብሱ ተለይቶ ወጣ። ጋሽ ሚሊ ልብ ሲሉ ሦስት ሺህ ወረቀት አልፏል። መጋዘን ውስጥ ሌላ ወረቀት አልነበረም።

በማግስቱ ሰዓሊው መጣ። ያን ጊዜ የሳሙና ካርቶን ላይ አበባ እየሳለ የሚተዳደር፣ ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ ጎረምሳ ነበር፤ ኮሚኩ የመጀመሪያ የራሱ ሥራ ነው። አንዱን ቅጂ አንስቶ ገለጠ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ግር አለው፤ አራተኛው ላይ ሲደርስ ዓይኑ ፈጠጠ። ጋሽ ሚሊ ይቅርታ ሊጠይቁ አፋቸውን ከፈቱ። ነገር ግን የማተሚያ ቤቱ ሠራተኛ ሁሉ እጁን እየጠራረገ ከኋላቸው ቆሞ ያያል። ከአፋቸው የወጣው ሌላ ሆነ።

"እንዴት ነው፣ ወደድከው?"

ሰዓሊው ገጹን አየ፣ ጋሽ ሚሊን አየ፣ እንደገና ገጹን አየ። ከዚያ ዓይኑ እንባ አቅርሮ እጃቸውን በሁለት እጁ ጨበጠና ምንም ሳይል ወጣ። ከሁለተኛው እትም ጀምሮ ጥላውን ራሱ ይስለው ጀመር። ሁለቱም ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አንስተውት አያውቁም። ጋሽ ሚሊ፣ ልጁ ስህተት መሆኑን አውቆ ለክብሬ ሲል ነው ዝም ያለኝ ብለው አምነው ኖሩ። ሬዲዮ ላይ ቀርቦ "ጥላው በሕልሜ መጣልኝ" ሲል በሰሙት ቁጥር፣ ለብቻቸው አንገታቸውን ደፍተው "ተባረክ የኔ ልጅ" ይላሉ።

ሦስተኛው ክፍል ባለቀ በሩብ ሰዓቱ በሩ ተደበደበ። ሰዓሊው ነው። አሁን ሃምሳን የተጠጋ፣ ራሱ መሐል ለመሐል የተመለጠ ሰው ሆኗል፤ ጋሽ ሚሊ ግን ዛሬም "አንተ ልጅ" ነው የሚሉት።

"አያችሁልኝ?" አለ ገና ሳይቀመጥ። "ምን እንዳደረጉኝ አያችሁልኝ?"

"እናቱን ገደሉ" አሉ እትዬ አራሚ።

"እናቱስ ትሙት! ጥላውን ነው እንጂ! ደውዬ ነገርኳቸው። ጥላዬን ካልመለሳችሁ ፈቃዴን አነሳለሁ፣ ድራማው ይቁም አልኳቸው።"

"አብደሃል?" አሉ ጋሽ ሚሊ። "ቴሌቪዥን ላይ አይቼው ልሙት ስትል አልነበረም እንዴ? ሃያ ስድስት ዓመት ደጅ ጠንተህ ያገኘኸውን በሦስት ሳምንት ትጥላለህ? ይቅር በላቸው። ሰውየው ያለ ጥላም ደህና ይሮጣል።"

ሰዓሊው ደንግጦ አያቸው።

"እርስዎ ነዎት እንዲህ የሚሉት? እርስዎ?"

ጋሽ ሚሊ ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባቸውም።

"ምን አሉህ ታዲያ?" ሲሉ ጠየቁት እትዬ አራሚ።

"የድራማው ጸሐፊ አንዲት ልጅ ናት፤ ክፉ አይደለችም። ጥላው መቼ እንደሚወጣ፣ መቼ እንደሚቀር ሕጉን ንገረኝ፣ ሕግ ካለው እመልሰዋለሁ አለችኝ። ከሌለው እንደጀመሩት ይቀጥላሉ። እኔም ቃሌን አላጥፍም፤ ያኔ ድራማው ይቆማል። ሐሙስ ተቀጣጥረናል። እዚህ።"

"እዚህ የት?" አሉ ጋሽ ሚሊ።

"እዚህ ቤት። እዚህ ሶፋ ላይ።" ሰዓሊው ሶፋው ላይ ዘፍ አለ። "ጋሽ ሚሊ፣ እስከመቼ እደብቃለሁ? ጥላውን የፈጠሩት እርስዎ ነዎት። እኔ መናኛ ኮሚክ ይዤ መጣሁ፤ እርስዎ ምንም ሳይሉኝ ያን የመሰለ ነገር ጨምረው ሰጡኝ። ወደድከው ብቻ ነው ያሉኝ። እኔስ? ሰው ሲያደንቀኝ አፌን ሞልቼ የኔ ነው አልኩ። በሕልሜ መጣልኝ አልኩ፣ አፈር በበላሁ! ለልጅቷ ነግሬያታለሁ። ሕጉን የሚያውቁት ጋሽ ሚሊ ናቸው፣ እኔ ሌባ ነኝ አልኳት። ሐሙስ ከአፍዎ ትሰማለች።"

ጋሽ ሚሊ ሰማይ ተደፋባቸው። ልጁ ለካ ምንም አያውቅም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ስህተታቸውን ስጦታ አድርጎ፣ ራሱን ሌባ አድርጎ ነው የኖረው። ሰዓሊው ከሄደ በኋላ የቀረውን ብስኩት አንስተው ሳህኑ ላይ መለሱት። ይሄ በሳቸው ቤት የሕመም ምልክት ነው።

ከእሑድ እስከ ረቡዕ ጋሽ ሚሊ ሕግ ፍለጋ ገቡ። የመጀመሪያውን እትም ይዘው ጓዳ ይገባሉ፣ በር ይዘጋሉ። ጥላው ያለው በአንደኛው፣ በአራተኛው፣ በአምስተኛው፣ በስምንተኛውና በዘጠነኛው፣ በአሥራ ሁለተኛውና በአሥራ ሦስተኛው፣ ደግሞ በመጨረሻው ገጽ ላይ ነው። ሲፈራ ነው እንዳይሉ፣ ሰባተኛው ገጽ ላይ ሰውየው አራተኛ ፎቅ ላይ ተንጠልጥሎ ነፍሱ ልትወጣ ነው፣ ጥላው ግን የለም። ሲዋሽ ነው እንዳይሉ፣ በዘጠኝ ቃል ምን ያህል ይዋሻል? ሲርበው ነው የሚል ሐሳብም መጥቶላቸው ነበር፤ አሥራ ሦስተኛው ገጽ ላይ ዳቦ እየበላ ስለሆነ ተዉት።

ረቡዕ ቀትር ላይ እትዬ አራሚ በሩን ከፍተው ገቡ።

"ብሎኗ ላልታ ነበር አይደል?" አሉ።

ጋሽ ሚሊ መጽሔቱን ዘጉት።

"ታውቂ ነበር?"

"አራሚ ነኝ እኮ፣ አንተ ሰውዬ።"

"ታዲያ ያን ጊዜ ምነው ዝም አልሽ?"

"እኔ የምፈርመው ፊደሉ ላይ ነው። ፊደሉ ቦታው ላይ ነበር።"

ጋሽ ሚሊ ወንበሩ ላይ ተኮራመቱ። "ነገ ምን ልበል? እውነቱን ከተናገርኩ ስህተት ሕግ የለውም፤ ጥላው ይቀራል፣ ይሄ ግትር ልጅ ድራማውን ያቆማል፣ እኔም አርባ ዓመት የያዝኩትን ስም በአንድ ሐሙስ አጣለሁ። ዋሽቼ የኔ ነው ካልኩ ደግሞ ልጁ ሌባ እንደሆነ ይቀራል።"

"እኔ ልንገርህ?"

"ንገሪኝ።"

"አልነግርህም። ትልቅ ሰው ነህ" ብለው ወጡ።

ሐሙስ ዕለት ጸሐፊዋ በሰዓቷ ደረሰች። አጭር ፀጉር ያላት፣ ዓይኖቿ እንቅልፍ የጠገቡ የማይመስሉ ሴት ናት። ሰዓሊው ቀድሞ መጥቶ ጥግ ላይ፣ ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው እጁን ጭኑ ላይ አጣጥፎ ተቀምጧል። ሻይ ቀረበ። ጸሐፊዋ ሻዩን ወደ ጎን ገፍታ ጠረጴዛው ላይ ትልቅ ሠንጠረዥ ዘረጋች። አሥራ ስድስቱ ገጾች በተርታ ተጽፈዋል፤ ቆጣሪው በየገጹ ምን እንደሚያደርግ፣ ምን እንደሚሰማው፣ ቀን ይሁን ማታ፣ ጥላው በየት በኩል እንደቆመ፣ ምንም አልቀራትም።

"ጋሼ፣ ለጥላው ንቀት ኖሮኝ እንዳይመስልዎት" አለች። "ልጅ ሆኜ ነው ያነበብኩት። ሦስት ወር ሙሉ ሕጉን ፈለግኩ፤ አንዱ ሲገጥም ሌላው ያፈርሰዋል። አራት ላይ በቀኙ ነው፣ ገጹን ሳልገልጥ አምስት ላይ በግራው። ለምን? ካሜራ ፊት የሚቆመው ሰው ይጠይቀኛል፣ መልስ ያስፈልገኛል። እርስዎ ምን አስበው ነው?"

ጋሽ ሚሊ ሠንጠረዡን ወደ ራሳቸው ጎተቱት።

"ጥላው ማለት..." አሉ። "እንግዲህ ጥላው..."

ወደ ሰዓሊው ዞር አሉ። አንገቱን ደፍቷል። መላጣው ላይ የመስኮቱ ብርሃን አርፏል። ይሄ ሰው የተመለጠው ሌባ ነኝ ብሎ ሲያስብ ነው የሚል ነገር ሽው አለባቸው።

"ምንም አላሰብኩም" አሉ። "ተንሸራተተብኝ።"

ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"አንድ ወረቀት ስጪኝ" አሉ ጸሐፊዋን። የተሰጣቸውን ነጭ ወረቀት አንዴ አጠፉ፣ ደግመው አጠፉ፣ ሦስተኛ አጠፉ። እትዬ አራሚ ሳይጠየቁ እስክሪብቶ አንስተው ጠርዙን እየገለጡ ከአንድ እስከ አሥራ ስድስት ቁጥር ጻፉበት። ጋሽ ሚሊ ወረቀቱን ዘርግተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

"ይኸው ሕግሽ። መጽሔት የሚታተመው እንዲህ ባለ አንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ነው፤ ከታተመ በኋላ ነው የሚታጠፈው። በዚህ ፊት ያሉትን አንብቢ።"

"አንድ፣ አራት፣ አምስት፣ ስምንት..." ጸሐፊዋ በጣቷ እየተከተለች ሠንጠረዥዋን ታመሳክር ጀመር። ጣቷ እየፈጠነ ሄደ። ጥላው ያለበት ገጽ ሁሉ በአንድ ፊት ላይ ነው፤ የሌለበት ሁሉ በጀርባው።

"ቀኝና ግራውስ?"

"እነዚህ ከላይ ያሉት አራቱ ተዘቅዝቀው ነው የሚታተሙት፣ አየሽ? ሲታጠፍ ቀና ይላሉ። ወረቀቱ የሸሸው ወደ አንድ በኩል ነው፤ የተዘቀዘቁት ላይ ግን ግራ ሆኖ ይወጣል። የመጀመሪያውን ፊት ደህና አድርጌ አተምኩ። ሁለተኛው ላይ ብሎኗን ሳላጠብቅ ቀረሁ። በቃ። ነፍስም የለም፣ መንትያም የለም።"

ጸሐፊዋ ሳቋ መጣ። አፏን በእጇ ብትይዘውም አልሆነላትም። "ሦስት ወር!" አለች። "ሦስት ወር ሙሉ የብሎን ሥነ ልቦና ነው የማጠናው!"

ሰዓሊው ግን አልሳቀም።

"ስህተት?" አለ።

"ስህተት።"

"ወደድከው ያሉኝስ?"

"ሰው ፊት አፍሬ ነው። ይቅርታ ልጠይቅህ አፌን ከፍቼ ያ ወጣ።" ጋሽ ሚሊ ወደ እሱ ጠጋ አሉ። "አየህ፣ ሌባ አይደለህም። የሰረቅከው ሰው የለም። ደስ ይበልህ እንጂ።"

ሰዓሊው ደስ አላለውም። ፊቱ አመድ መሰለ።

"ሌባ ብሆን ይሻለኝ ነበር" አለ ቀስ ብሎ። "ሰው ሃያ ስድስት ዓመት የወደደልኝ ያንኑ ጥላ ብቻ ነው። አንድ ሰው መንገድ ላይ አስቁሞኝ ስለ ታሪኩ፣ ስለ ሰዎቹ ጠይቆኝ አያውቅም፤ ጥላው፣ ጥላው ነው። እሺ፣ የኔ አይደለም፣ ግን አንድ ትልቅ ባለሙያ ሥራዬን አይቶ አስቦልኛል እያልኩ እጽናና ነበር። ለካ ማንም አላሰበልኝም። የብሎን ሥራ ነው።" ወደ ጸሐፊዋ ዞረ። "በቃ፣ ሠንጠረዥሽን ሰብስቢ። ጥላው ይቅር። ድራማውም ይቅር፣ ኮሚኩም ይቅር። እኔ ከዚህ በኋላ ሳሙና ካርቶን ላይ አበባ እስላለሁ።"

ጸሐፊዋ ሳቋን ዋጠች። ወረቀቶቿን አንድ በአንድ ታጥፍ ጀመር። ጋሽ ሚሊ እውነት መናገር እንዲህ ያለ ነገር ያመጣል ብለው አልጠበቁም፤ ስማቸውን ከፍለው የገዙት ነገር የልጁን ልብ መስበር ሆኖ ቀረ።

"አንተ ሰውዬ" አሉ እትዬ አራሚ። "አርባ ዓመት ያልላላች ብሎን ያን ቀን ምን ሆና ላላች?"

"ረሳኋት አልኩ እኮ።"

"አንተ ብሎን ትረሳለህ? የኛን ሰርግ ቀን ነው እንጂ ብሎን ረስተህ አታውቅም። ምን እያደረግክ ነበር?"

ጋሽ ሚሊ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። አንዱ ኩራታቸው እዚህ ጠረጴዛ ላይ ተዘርሯል፤ የቀራቸው አንድ ነው። ኮታቸውን አስተካከሉ፣ ሻያቸውን አማሰሉ፣ ስኳር እንኳ አልጨመሩበትም ነበር።

"እያነበብኩ ነበር" አሉ።

ሰዓሊው ቀና አለ። "ምኑን?"

"ያንተን ነዋ! ምን ነበር እዚያ ሌላ የሚነበብ?" ተቆጡ፣ መቆጣቱ ቀለላቸው። "የመጀመሪያውን ፊት ሳትም ቀለሙን ላይ ብዬ አንድ ወረቀት አነሳሁ። ሰባተኛው ገጽ ላይ ዓይኔ ወደቀ። ሰውየው አራተኛ ፎቅ መስኮት ላይ ተንጠልጥሏል፣ ቧንቧው ሊነቀል ነው፣ አሮጊቷ ውስጥ ሆና ውሃው ጉልበቷ ደርሷል፣ እጇን መስኮቱ መያዣ ላይ አድርጋለች። ትከፍትለታለች ወይስ ሌባ ነው ብላ ትተወዋለች? እዚያ ላይ አቆምከው። እዚያ ላይ ሰው ታሪክ ያቆማል? ስምንተኛውን ፈለግኩ፤ በሌላኛው ፊት ነው፣ ገና አልታተመም። ገጾቹ የተቀረጹበትን ፕሌት ማሽኑ ላይ እንዴት እንዳሰርኩት አላውቅም። የተዘቀዘቀ ገጽ ላነብ አንገቴን ጠምዝዤ፣ ብሎኗን ሳላይ ማሽኑን አስነሳሁት። ስምንተኛው ወጣ።"

"እና?" አለ ሰዓሊው። ራሱ የጻፈውን ታሪክ እንደማያውቅ ሰው ነው የጠየቀው።

"ከፈተችለት።" አሉ ጋሽ ሚሊ። "ከፈተችለትና፣ ቆጣሪ ልታነብ ነው የመጣኸው? አለችው። እሱም አዎ አላት። እዚያው ማሽኑ ሥር ቆሜ፣ ምን ልደብቅህ፣ አለቀስኩ። ዓይኔን በጨርቅ ጠረግኩ፤ ለካ ቀለም ያለበት ጨርቅ ነው፣ ሳምንቱን ሙሉ ዓይኔ ቀልቶ ከረመ።"

"አቧራ ገባብኝ ነበር ያልከኝ!" አሉ እትዬ አራሚ።

"ቀሪውን እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ቀና ስል ሦስት ሺህ ወረቀት አልፏል። በአርባ ዓመት ውስጥ ቀለሙን ሳላይ የቀረሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጥላው ምንም አይደለም፣ አንተ ልጅ። ጥላው የመጣው ታሪክህ ስለያዘኝ ነው።"

ሰዓሊው ከጥጉ ተነስቶ ጋሽ ሚሊ አጠገብ ተቀመጠ።

"ለምንድነው ያልነገሩኝ?" አለ። "አንድ ቀን፣ አንዲት ቃል? እኔ እኮ እርስዎ ሥዕሉን አይተው እንጂ ታሪኩን አላነበቡትም ብዬ ነው የኖርኩት።"

"የማያነብ ሰው ነኝ ብዬ ለሰው ሁሉ አውርቼ ነበራ!"

እትዬ አራሚ ሳቁ። ሰዓሊውም ሳቀ፣ እያለቀሰ ነው የሳቀው፤ በእጁ ጀርባ አፍንጫውን ጠረገ። ከዚያ ድንገት ሳቁን አቁሞ መሐል ጠረጴዛው ላይ ያለውን የታጠፈ ወረቀት አተኩሮ ያይ ጀመር። ጋሽ ሚሊ ይህን አስተያየት ያውቁታል፤ የሳሙና ካርቶን ይስል በነበረ ጊዜ አዲስ ነገር ሲመጣለት እንዲህ ነበር የሚሆነው።

"ሕግ አለው" አለ።

"ምን?" አለች ጸሐፊዋ።

"ጻፊ። ቀይ ጥላው የሚወጣው፣ ቆጣሪውን የሚያይ ሰው እጁ ላይ ያለውን ሥራ ሲረሳ ነው። እሱ ሲፈራ አይደለም፣ ሲዋሽም አይደለም፤ የሚያየው ሰው ነው የሚያወጣው። ፀጉር አስተካካይ ቀና ብሎ ያየዋል፣ መቀሱን ይረሳል፣ የደንበኛው ግማሽ ጢም ይሄዳል፤ ያኔ ጥላው ይወጣል። የረሳው ሰው ባለበት በኩል ነው የሚቆመው፣ በግራም በቀኝም። ማንም ካላየው ጥላ የለም።"

ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋ ከወረቀቱ አልተነሳም። ጽፋ ስትጨርስ ሁለቴ አነበበችው።

"ሰባተኛው ገጽ ላይ ለምን የለም ብለው ቢጠይቁኝ?" አለች።

"አሮጊቷ ገና አላየችውማ! መጋረጃ አለ" አለ ሰዓሊው።

"ይሄን መቅረጽ እችላለሁ" አለች ጸሐፊዋ፣ የቀዘቀዘውን ሻይዋንም ባንድ ትንፋሽ ጠጣችው።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ አስር ሰዓት ላይ ሦስቱም ሶፋው ላይ ነበሩ። ድራማው አልቆመም። ጸሐፊዋ ደውላ፣ ዛሬ ነው፣ ቁጭ በሉ ብላቸዋለች። መጀመሪያ አንዲት ልብስ ሰፊ በመስኮት ቀና አለች፣ ቆጣሪውን ግድግዳ ላይ አየችው፣ ፔዳሉን መልቀቅ ረስታ የገዛ እጅጌዋን ከደንበኛ ሱሪ ጋር ሰፋችው። ከቆጣሪው ትከሻ ላይ ቀይ ሰው ተለይቶ ወጣ።

"በዛ!" ብለው ጮኹ ጋሽ ሚሊ። "በጣም ሸሸ! የኔ ሦስት ሚሊ እንኳ አይሞላም፣ ይሄ እኮ አንድ ክንድ ነው! ስህተት እንኳ በወጉ አይሠሩም?"

"ዝም በል፣ ልስማበት" አሉ እትዬ አራሚ።

ከዚያ አራተኛው ፎቅ መጣ። ውሃው እየሞላ ነው። ቧንቧው ከግድግዳው ተነቅሎ በአንድ ምስማር ቀርቷል። አሮጊቷ እጇን መስኮቱ መያዣ ላይ አድርጋ ቆማለች። ጋሽ ሚሊ ስለ ሚሊ ሜትሩ መናገራቸውን አቆሙ። ቀስ በቀስ ከሶፋው ጠርዝ ላይ ደረሱ፤ አፋቸው ተከፍቷል፣ ሁለት እጃቸው ጉልበታቸውን ጭምድድ አድርጎ ይዟል፣ መጨረሻውን ከሃያ ስድስት ዓመት ጀምሮ የሚያውቁ ሰው አይመስሉም።

ሰዓሊው ቴሌቪዥኑን አላየም። የሚያየው የጋሽ ሚሊን ፊት ነበር፤ ያን ቀን ማሽኑ ሥር ምን ይመስል እንደነበር ገና አሁን ነው ያየው። እትዬ አራሚ የመስኮቱ መያዣ በመጽሔቱ በግራ በኩል ነበር ሊሉ አፋቸውን ከፍተው፣ ሁለቱን አይተው ተዉት።